የላኦሷ አክስት

በሲያትል ከተማ፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሠፈር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ት/ቤት ውስጥ ልጆች ሁሉ ‹‹ፓ›› ብለው የሚጠሯቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ‹‹ፓ›› በላኦስ ቋንቋ የእናት ወይም የአባት ታላቅ እኅት ማለት ነው። ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ቬትናሙም ‹‹ፓ!›› እያለ ይከተላቸዋል። እኔም አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው በረዳትነት ስሠራ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ባለፈው ጥር አረፉ።

ረዳት ማለት መምህሩ ሲያስተምር እርሳስ የሚቀርፅ፣ የልጆች ጫማ የሚያስር፣ ምሳ ሰዓት ላይ የወተት ካርቶን የሚከፍት፣ ቋንቋው ያልገባውን ልጅ ይዞ ጥግ የሚቀመጥ ሠራተኛ ነው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት ጠመኔ የጨበጥኩ መምህር ነበርኩ። በሱዳን አድርጌ አሜሪካ ገብቼ ይህን ሥራ ስይዝ አፈርኩ። ለእናቴ ‹‹እዚህም አስተምራለሁ›› ብዬ ጻፍኩላት። ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል፤ እውነት ግን አልነበረም።

በመጀመሪያው ዓመት ነው። በአሜሪካ ት/ቤቶች ለእሳት አደጋ ልምምድ በየጊዜው ደወል ይደወልና ልጆች ተሰልፈው ይወጣሉ። ከታይላንድ የስደተኞች ካምፕ ከመጣ ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላው አንድ ትንሽ ልጅ ደወሉን ሲሰማ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። መምህሩ ሊጎትተው ቢሞክር እጁን ነከሰው። ፓ ምንም ሳይሉ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እርሳቸውም ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ከበሩ ላይ ሆኜ የሚታየኝ እግራቸው ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ ባይ ከቦርሳቸው ትንሽ የቀርከሃ ሙዳይ አውጥተዋል። የላኦስ ሩዝ እኛ እንደምናውቀው የሚበታተን አይደለም፤ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ነው። በጣት ቆንጥረው፣ ጠቅልለው፣ ማባያ እያስነኩ ይበሉታል። ፓ ጠቀለሉና ልጁን አጎረሱት። ጉርሻ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ‹‹እኔ እኮ አገሬ መምህር ነበርኩ›› አልኳቸው። እንዲያውቁልኝ ፈልጌ ነው።

‹‹እኔም›› አሉ ሩዛቸውን እየጠቀለሉ። ቪየንቲያን ከተማ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አስተምረዋል። ት/ቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ላኦስ ራሷ የት እንዳለች የሚያውቅም ብዙ አልነበረም፤ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከ1964 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. በዚያች ትንሽ አገር ላይ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ አውርደውባት ሳለ ‹‹ቻይና ውስጥ ናት?›› ብሎ የጠየቃቸው ባልደረባችን ነበር።

የባለቤታቸውን ነገር የነገሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በንጉሡ ጦር ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ። ፓቴት ላኦ ሥልጣን ሲይዝና በታኅሣሥ 1975 እ.ኤ.አ. ዘውዱ ሲወገድ፣ የቀድሞው መንግሥት ሰዎች ‹‹ሳማና›› ይጠሩ ጀመር፤ ሰሚናር ማለት ነው። ባልዮው አጭር ትምህርት ነው ተብለው ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። አልተመለሱም።

ይህን ሲነግሩኝ ሳቅኩ። አዎን፣ ሳቅኩ። ታላቅ ወንድሜን በ1970 ዓ.ም. ከቤት ሲወስዱት ‹‹ለአጭር ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል›› ብለው ነበር። እናቴ ራቱን ከድና ጠበቀችው። ለምን እንደሳቅኩ ይህንኑ ነገርኳቸው።

‹‹ስንት ቀን ከደነችው?›› አሉኝ።

እርሳቸው ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። በ1977 እ.ኤ.አ. ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው በተነፋ የመኪና ጎማ ላስቲክ ላይ ተንጠልጥለው ሜኮንግን በሌሊት ተሻግረው ታይላንድ ገቡ።

እናቴ ስትሞት መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው። ያኔ የደብዳቤውን ነገር ለፓ ተናዘዝኩ። ‹‹ልጄ አሜሪካ ያስተምራል እንዳለች ሞተች፤ ዋሽቻታለሁ›› አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ‹‹እኔ ለእናቴ ምንም አልጻፍኩም፤ ደብዳቤዬ ጣጣ ያመጣባታል ብዬ ፈራሁ። አንተስ ጽፈሃል›› አሉኝ።

ቅዳሜ ቤታቸው ጠሩኝ። በአበባ የተሸለመ ትሪ መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጧል። በእነርሱ እምነት በሰው አካል ውስጥ ሠላሳ ሁለት ነፍሶች አሉ፤ ሰው ሲደነግጥ፣ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ሐዘን ሲያገኘው ይበታተናሉ፤ ስለዚህ ተጠርተው መመለስ አለባቸው። አንድ ሽማግሌ ነፍሶቼን ጠሩልኝ። ፓ በእጄ አንጓ ላይ ነጭ የጥጥ ክር አሰሩልኝ። ‹‹ሦስት ቀን ይቆይ። ስታወጣው ፍታው እንጂ አትቁረጠው›› አሉኝ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዬን ሳጣፋ ክሩን አየሁት። አንገቴ ላይ ማተብ፣ እጄ ላይ ይህ። ባዕድ አምልኮ ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በመቀስ ቆረጥኩት።

ሰኞ ፓ ባዶ አንጓዬን አዩት። ምንም አላሉም፤ ወደ ወተቱ ዞረው ካርቶን መክፈት ቀጠሉ። በሠራሁት አፈርኩ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ ዛሬ ነገ ስል ሥራ ቀየርኩና ሠፈርም ለቀቅኩ።

በቀብራቸው ዕለት ከአስከሬን ሣጥናቸው ተነሥቶ መነኮሳቱ እጅ ድረስ የተዘረጋ ነጭ ክር ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ያ ጠረጴዛ ሥር የገባው ልጅ። ሥርዓቱ ካበቃ በኋላ እዚያው ለቤተሰቡ ክር ሲታሰር እርሱ ለእኔ አሰረልኝ።

ክሩ ቀለሙ ቢጠፋም እስካሁን አልፈታሁትም። በቀደም የንስሐ አባቴ አይተው ‹‹ይህ ደግሞ ምንድን ነው?›› አሉኝ።

‹‹የአክስቴ ነው›› አልኳቸው።