የዜማ ባለቤት

ዜማ እንደ ሰው ልጅ አባትና የትውልድ አገር አለው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዛወር ግን ስለ አባቱ የሚጠይቅለት እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ ለወላጆች ልናሳስብ የወደድነው፥ ልጆቻችን ዜማ ሲማሩ የዜማውን ባለቤት ስም አብረው እንዲማሩ ነው።

በአሶሳ ስንኖር ከዘመዶቻችን ወገን የሆነ አንድ ወጣት በቤታችን ኪቦርድ ይጫወት ነበር። አዘውትሮ ከሚመታቸው አንዱን ዜማ ከየት እንዳገኘው ብንጠይቀው የናይጄሪያ ነው ሲል መለሰልን። ዜማው ግን «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ ደራሲውም ግርማ በየነ ይባላል። ዋልያስ ባንድ በ1977 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም እንዲሁ) «ቼ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ አሳተመው፤ ኦርጋኑን የሚመታውም ኃይሉ መርጊያ ነበር።

ወጣቱ እንዲህ ማለቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1998 በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን የሚኖሩ ሙዚቀኞች ራሳቸውን «ዳክታሪስ» ብለው ሰይመው ይህንኑ ዜማ እንደ ገና ተጫወቱት፤ አልበማቸውም ቀድሞ በናይጄሪያ የተቀዳ ሥራ መስሎ ለገበያ ቀረበ። በዚያ ጊዜ ደራሲው ግርማ በስደት ነበር፤ ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ እዚያው ቀርቶ ከሙዚቃ ርቆ ብዙ ዘመን ኖሯልና። ኋላ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ፥ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ቡድን ጋር አዲስ አልበም ለማውጣት በቃ።

የሌላውን ዜማ መልሶ መጫወትን እኛ አንነቅፍም። ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ቡድን የኢትዮጵያን ዜማዎች ካጠና በኋላ በ2004 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከአገሩ ሙዚቀኞች ጋር ተጫውቷል። የተማረውን ዜማ ይዞ ወደ ባለቤቱ ደጅ የመጣ ሰው የሚመሰገን እንጂ የሚወቀስ አይደለም።

ይህ ነገር በአሶሳ ይልቁን ይሠራል። የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል መለከት አለው፤ ስሙ በአማርኛ ቀልድ ቢመስልም ነገሩ በዋዛ የሚታይ አይደለም። መለከቱ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚሠራ ሲሆን፥ ትልቁ የሰው ቁመት ያህላል። እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲቀባበሉ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የቀረ እንደ ሆነ ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል።

ያ ወጣት በአንድ ሰርግ ላይ የዋዛውን ዜማ በኪቦርድ ብቻውን ተጫወተው። እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ። አንድ የበርታ ሽማግሌ ግን ከጨዋታው በኋላ አስጠርተው፥ ትንሹን ዋዛ የነፋው ማን እንደ ሆነ ጠየቁት። ወጣቱ የሚመልሰው አጣ። ሽማግሌውም አልተቆጡትም፤ ትንሹን ዋዛ ሲነፋ የኖረው ወንድማቸው ማረፉንና የሚተካው ወጣት አለመገኘቱን ነገሩት።

ወጣቱ በሳምንቱ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደ። ብዙ ቀን ያለ ድምፅ ተቀምጦ ተራ መጠበቅን ተማረ፤ በኪቦርድ ሁሉን በአንድ እጁ ለለመደ ሰው ከሁሉ የከበደው ይኸው ነበረ። ዛሬ ትንሹን ዋዛ የሚነፋው እርሱ ነው፤ ኪቦርዱንም አልተወም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ በቤት ውስጥ ዜማ ሲያሰማችሁ ከማመስገናችሁ ጋር የማን እንደ ሆነ ጠይቁት። ባያውቀው አብራችሁ ፈልጉ። ባለቤቱ በሕይወት ካለና ቤቱም ቅርብ ከሆነ፥ ልጁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተዋውቁት።