የቡናው ገንዘብና የውሃው አይሮፕላን

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሸቤ፣ የቡናው ለቀማ አልቆ ገንዘቡ ወደ ቤት በሚገባበት ወራት በየቤቱ የሚደረገው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም የዘንድሮው ገንዘብ በምን ላይ ይዋል የሚል ነው። ባሕር ማዶ፣ በአሜሪካ አገር አይሮፕላን ማብረር ተምሮ ፈቃድ ያገኘው የእኅታችን ልጅ፣ በውሃ ላይ የሚያርፈውንም ለማብረር ተጨማሪ ፈቃድ ያወጣ ዘንድ እንድንረዳው ስለ ጻፈልን፣ በእኛም ቤት ይኸው ምክር ተደረገ።

ነገሩን ስንመረምር ትምህርቱን እንደ ፈራነው ረጅም ሆኖ አላገኘነውም። በዚያ አገር ሕግ፣ በምድር የሚያርፈውን ለማብረር ፈቃድ ላለው ሰው የጽሕፈት ፈተና የለበትም፤ የሰዓትም ቍጥር አልተወሰነበትም። ብዙዎቹ በጥቂት ቀኖች ውስጥ፣ 10 ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው ለፈተና ይቀርባሉ። የሚማሩት ግን ቀላል አይደለም። አይሮፕላኑ ውሃ ላይ ሳለ ፍሬን የለውም፤ ውሃውም እንደ መስተዋት ጸጥ ሲል ከፍታው ለዓይን ስለሚጠፋ፣ ጸጥታው ራሱ አብራሪውን ያታልለዋል። ወጪው በሺሕ ዶላር ይቈጠራል።

ጭንቁ የሚመጣው ከፈቃዱ በኋላ ነው። የኢንሹራንሱ ዋጋ ስለሚከብድ፣ የውሃ አይሮፕላን ያለ አስተማሪ የሚያከራይ ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው ፈቃዱን ይዞ አይሮፕላኑን ያጣል። ወደ አገሩ ቢመለስስ? ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ግድብ ያስተኛው ሰፊ ውሃ አለ። ዳሩ ግን ውሃ ብቻውን ማረፊያ አይሆንም፤ ነዳጅ፣ ጠጋኝ፣ ተሳፋሪም ይሻል። በደጋማ አገርም አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ አይሮፕላኑ ከውሃው ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል።

ታላቅ ወንድማችን፣ «በቅሎ ሳይኖር ኮርቻ ይገዛል ወይ?» አሉ። እኅታችን ግን፣ «ቡናውንስ ስንተክል ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት አልጠበቅንምን?» ብላ መለሰች። ሁለቱም እውነት ተናገሩ።

እኛም እንዲህ ስንል ጻፍንለት፦ «ልጃችን ሆይ፤ ለደስታህ ከሆነ ከደመወዝህ አጠራቅም። ለእንጀራህ ከሆነ ግን አስቀድመህ የሚቀጥርህን ፈልግ፤ ቃሉን ስትልክልን እኛም ድርሻችንን እንልካለን።»

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ገንዘቡን ለይተን አስቀምጠናል።