የአንድ ሰዓት መንገድ

አያቶቻችን መንገድን በኪሎ ሜትር አይለኩም ነበር። «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ይላሉ፤ ስንቁም በዚያው ልክ ይቋጠራል። እኛ ግን ካርታ እንገልጣለን።

ሰሞኑን ስለ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ታሪክ ስናነብ አንድ ጥያቄ ተነሣብን፤ ከሲንጋፖሩ የቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኩዋላ ሉምፑሩ ምን ያህል ይርቃል? ማናችንም አገሩን አልረገጥነውም፤ ለክርክር ግን መርገጥ አያስፈልግም። በቀጥታ መስመር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጄት ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሲካፈል 23 ደቂቃ እንኳ አይሞላም! የበረራው ሰሌዳ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይመድብለታል።

ታዲያ የቀረው ጊዜ የት ገባ? አውሮፕላኑ ገና ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል፤ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰሌዳውም የሚቆጥረው ከቆመበት ከተነሣበት ደቂቃ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ነው። መሬት ለመሬት መንዳቱም፣ ተራ መጠበቁም አብሮ ይቆጠራል።

ተሳፋሪው ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው የኩዋላ ሉምፑር ዋና ማረፊያ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሴፓንግ ላይ ነው ያለው። ቀድሞ መገኘት አለ፤ ፍተሻ አለ፤ ሰልፍ አለ፤ ፓስፖርት አለ። ይኼ ሁሉ ሲደመር የአንድ ሰዓቱ በረራ የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። በአምስት በስድስት ሰዓት የሚደርሰው የአውቶቡስ መንገደኛም ብዙ አይቀደም።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ፓስፖርቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ ኦገስት 9 ቀን 1965 ሲንጋፖር የማሌዥያ አካል ነበረች። ያን ጊዜ በሁለቱ ከተሞች መካከል መብረር በአንድ አገር ውስጥ መብረር ነበር። ከተለያዩም በኋላ አንድ አየር መንገድ በጋራ ይዘው ቆዩ፤ እሱንም በ1972 ለሁለት ከፈሉት። መሬቱ አንዲት ሜትር አልጨመረም። የጨመረው ሰልፉ ነው።

ሳይከፈል የቀረ ነገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. 1982 ሲገባ ማሌዥያ በልሳነ ምድሩ ያለውን ክፍሏን ከሳባና ከሳራዋክ ጋር ለማስተካከል ሰዓቷን ሠላሳ ደቂቃ ወደ ፊት አራመደች፤ ሲንጋፖርም አብራ አራመደች። ስለዚህ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚበር ሰው የእጅ ሰዓቱን አይነካም። ፀሐይ ብቻ ከሁለቱም አንድ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ትቀራለች! በባንዲራ የተለያዩ ሰዎች ፀሐይን ትተው እርስ በርስ ተጠባበቁ ማለት ነው።

እንግዲህ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ለሚል መልሱ ካርታው ላይ አለ። «መቼ እደርሳለሁ?» የሚል ግን ታሪክንም መጠየቅ ይኖርበታል። «ታሪክ መማር ምን ይጠቅማል?» እያላችሁ ለምትቀልዱብን የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ለጊዜው ይህን ያህል ብለናል።