ካርታ የሌለው እጅ

«ተወዳዳሪነት» የሚለው ቃል ሰሞኑን ከአፍ አልወርድ ብሏል። በስብሰባ ይነሳል፤ በሬዲዮ ይነሳል። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ ቃል ሲደጋገም እንጠረጥራለን። ታዲያ ውድድሩ የሚጀመረው የት ነው? በፋብሪካው ይላሉ። እኛ ግን በባንኩ መስኮት ነው ባዮች ነን።

ከኪሳችን ጋር የሚስማማ ጫማ የምንገዛው መርካቶ ነው። ጋሼ የምንላቸው አንድ ጫማ ሠሪ አሉ፤ እጃቸውን የሚያማ የለም። አምና አንድ ነጋዴ ብዙ ጫማ አዘዛቸው። ቆዳ የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ነጋዴው የሚከፍለው ግን ጫማውን ከተረከበ በኋላ ነው። ብድር ፍለጋ ሄዱ። «የቤት ካርታ አለዎት?» ተባሉ። የሚሠሩበት ክፍል የኪራይ፣ የሚኖሩበትም የቀበሌ ቤት! መኪናቸውን፣ የስፌቱን ማለታችን ነው፣ ማን ይቁጠርላቸው? ዕቁባቸው እስኪወጣ ሲጠብቁ ነጋዴው ከውጭ የመጣ ጫማ ገዝቶ ሄደ።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ ባንክ የሚይዘው በላዩ የተሠራውን ቤትና የሊዝ መብቱን ነው። ቤት የሌለው ጥበብ ቢኖረው ምን ያስይዛል?

በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች የሚሰጡትን የእያንዳንዱን ብድር 27 በመቶ ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። ሰነዱ 5 ዓመት ይታሰራል፤ ወለዱ 3 በመቶ ነበር፤ ለቆጣቢ የሚከፈለው ዝቅተኛው ወለድ ደግሞ 5 በመቶ! ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለትላልቅ ሥራዎች ይበደር ነበር። አገር ፋብሪካ አያስፈልጋትም አንልም። ግን ሂሳቡ በማን ላይ አረፈ? ባንኩ የከሰረውን ከሌላው ተበዳሪ በወለድ ያካክሳል፤ የሚያበድረው ሲያንስም ባለ ካርታውን ያስቀድማል። የመንግሥት ገንዘብ፣ የግል ገንዘብ ብለን ብንከፍለውም የተቀዳው ከዚያው ከቆጣቢው ኪስ ነው።

መመሪያው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ተሽሯል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትና ሰብል ሳይቀር፣ ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። እሰየው! ግን ጋሼ ካርታ የተጠየቁት አዋጁ ከወጣ ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉልን። አዋጅ ከነጋሪት ጋዜጣ ተነስቶ የብድር ኃላፊው ጠረጴዛ እስኪደርስ ስንት ደረጃ ይወጣል?

አሁን ደግሞ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። እንግዳው ባንክ ስፌት መኪናና የተቆረጠ ቆዳ የሚገምት ሠራተኛ ይቀጥር ይሆን፣ ወይስ እሱም ባለ ፎቁን ብቻ ነው የሚፈልገው? የኢኮኖሚክስ ጓደኞቻችን በሚቀጥለው እትም ቢመልሱልን ደስ ይለናል፤ ቦታ እንለቅላቸዋለን።