የቀራንዮ ዳገትና አዲሱ ማርሚታ

ማለዳ ወደ ቀራንዮ ብቅ ካሉ ሰፈሩን ከዓይንዎ ቀድሞ ጆሮዎ ያውቀዋል። ከመድኃኔዓለም የቅዳሴው ዜማ፣ ከኮልፌ በኩል አዛኑ፣ ከታክሲ ተራው የረዳቶች ጥሪ ይሰማል። በመካከሉ ደግሞ ዕቃ ጭኖ ዳገቱን የሚወጣ ሞተር ሳይክል አለ። ደህና ማርሚታ ያለው ከሆነ ድምፁ ወፍራምና እኩል ነው። ማርሚታው ሰሞኑን ተቀይሮ ነገሩ ያልተስተካከለ ከሆነ ግን ከሩቅ ይታወቃል፤ ጧ ጧ እያለ ይወርዳል፣ እየተንደፋደፈ ይወጣል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ የሞተር ሳይክልን እንቅስቃሴ ከገደበች ወዲህ በመንገዱ ላይ የሚያዩዋቸው በአብዛኛው ፈቃድ ያላቸው፣ ለሥራ የተሰማሩ ናቸው። ዕቃ የሚያደርሱ፣ ምግብ የሚያመላልሱ ወጣቶች ይበዙባቸዋል። ሞተሩ አንድ ቀን ቆመ ማለት የዚያ ቀን የቤት ወጪ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ፣ ልጅዎ ወይም ወንድምዎ በዚህ ሥራ ላይ ካለ፣ እርስዎ ባይነዱም ይህ ጉዳይ ቤትዎ ድረስ ይገባል።

ማርሚታ የሚለውን ቃል ከካንዴላ፣ ከፍሪሲዮንና ከሚኒሞ ጋር ከጣሊያንኛ ወርሰነዋል። ዕቃው የሚያረጀው ከውስጥ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ውኃም ይፈጠራል። በሰፈር ውስጥ አጭር አጭር መንገድ የሚሠራ ሞተር ይህን ውኃ አሙቆ ሳያስወጣው ይጠፋል፤ የክረምቱ ዝናብ ሲጨመርበት ብረቱ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ አንዱ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ሌላ ይገዛል፣ ሌላው ሰፈሩ ውስጥ ያስበይዳል። ችግሩም ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

መጀመሪያ ቀለበቷን ይጠይቁ

አዲሱ ማርሚታ ከተገጠመ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ጭስ ቢያዩ አይደንግጡ፤ በፋብሪካ የተቀባው ዘይት ወይም የእጅ ቅባት እየተቃጠለ ነው። ጭሱ ከቀናት በኋላም ካልቆመ ግን ሌላ ነገር አለ።

ጋዝ ሲለቀቅ ጧ ጧ የሚል ከሆነ አብዛኛው ሰው ወዲያው ካርቡራተር ማስነካት ይፈልጋል። አይቸኩሉ። ቧንቧው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንዲት ትንሽ የጋስኬት ቀለበት አለች። አንዴ ተጨፍልቃ ቅርጿን ስለያዘች፣ ተፈትታ ስትመለስ በደንብ አትደፍንም። በክፍተቱ አየር ይገባል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከአየሩ ጋር ማርሚታው ውስጥ ይነድዳል። የሚሰሙት ተኩስ እሱ ነው።

ለማረጋገጥ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ መገጣጠሚያውን የሳሙና ውኃ ይቀቡትና ያስነሱት፤ አረፋ ከተነፋ ያፈስሳል ማለት ነው። በዙሪያው ጥቁር ጥላሸት ካለም ምልክት ነው። ሲሠራ ቆመው፣ «ወንድሜ፣ ቀለበቷ አዲስ ትሁን» ይበሉ። ከማርሚታው ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪዋ ትንሽ ነው።

አገጣጠሙም ሥርዓት አለው። ሁሉም ቡሎን መጀመሪያ ላላ ብሎ ይያዝ። ከዚያ በሞተሩ በኩል ያሉት ዳዶዎች ተራ በተራ፣ እኩል እኩል ይጥበቁ፤ ከፍሬሙ ጋር የሚይዘው የመጨረሻ ይሁን። ይህ ከተገለበጠ ቧንቧው ተወጥሮ ይያዝና መሣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ከተነዳና ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይታዩ። የኋላ ፍሬን ፔዳልም ከማርሚታው ጋር ሳይነካካ እስከ ታች መውረዱን ያረጋግጡ።

ዳገቱ እምቢ ካለ

ቀለበቷ ደህና ሆና ሞተሩ ዳገት ላይ ከደከመ፣ የቀራንዮን ከፍታ ያስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ድምፅ እንዲጨምር ውስጡ የተከፈተ ማርሚታ ደግሞ በተቃራኒው አየሩን ያበዛል። ሁለቱ በከፊል ስለሚካካሱ ሰፈር ውስጥ ሞተሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ይኸው ሞተር ወደ አዳማ፣ ከዚያም ወደ መተሐራ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ አንሶት ከመጠን በላይ ይግላል።

እውነቱን ካንዴላው ይናገራል። ዳገት ወጥተው ሲቆሙ ያጥፉት፣ ሲቀዘቅዝ ይፍቱት። ጫፉ ቡና በወተት ከመሰለ ሰላም ነው። ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል። ካርቡራተር የሚነካው ይህ ከታየ በኋላ ነው። ካርቡራተር የሌላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ማርሚታው ላይ የተሰካው ሴንሰር ገመዱ ተመልሶ መሰካቱን፣ ከሴንሰሩ በፊትም አየር አለመግባቱን ያስዩ።

«ድምፁ ሲጎላ ጉልበቱ ይጨምራል» የሚለውን ግን አይመኑ። ትንንሾቹ የሥራ ሞተሮች ውስጡ በተነቀለ ማርሚታ በዝቅተኛ ፍጥነት ጉልበት ሊያጡ ይችላሉ። ቀራንዮን በሁለተኛ ማርሽ ጭኖ ለሚወጣ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ ያ ጉልበት ነው።

ግቢዎ ውስጥ

ብዙ ቤተሰብ ሞተሩን ሌሊት የሚያሳድረው በረንዳ ላይ ወይም ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ለማሞቅ ብሎ ቤት ውስጥ ማስነሳት ሕይወት ያጠፋል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ገፍተው ከግቢ አውጥተው ያስነሱት።

አዲስ ማርሚታ ሲገጠም መከላከያ ቆርቆሮው ተረስቶ እንዳይቀር ይቆጣጠሩ። ልጆች የሚቃጠሉት ሞተሩ ቆሞ ዝም ካለ በኋላ ሲጠጉት ነው። ቃጠሎ ከደረሰ ቦታውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ያቀዝቅዙት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቡና አይቀቡ። ካቆረፈደ ወይም ሰፊ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

የፈተናው መንገድ

ሥራው ካለቀ በኋላ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ዙር ይነዳ። ሰፈሩ ውስጥ ዳገቱን በጭነት ይውጣ፣ ቁልቁለቱን ጋዝ ለቅቆ ይውረድ፣ ታች ደርሶ በሚኒሞ ይቁም። ዳገቱ ጉልበቱን፣ ቁልቁለቱ ቀለበቷን፣ ሚኒሞው ካርቡራተሩን ይነግርዎታል። ጊዜ ካለዎት በቡራዩ በኩል እስከ ገፈርሳ ግድብ መሄድ ይቻላል፤ በግራ በኩል የወጨጫ ተራራ ይታያል፣ ሞተሩም በደንብ ይሞቃል። ሲመለሱ ጎረቤት ሳይነቃ፣ ሕፃን ሳይደነግጥ በር ላይ ከደረሰ ማርሚታው በደንብ ተገጥሟል።