ውሃ አትውቀጪ፣ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ እሑድ ዕለት ስትደውዪ የልጅሽ አኳሪየም እንደ ጎመን ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ዓሦቹ ከዓይን እንደጠፉ ነገርሽኝ። በአንድ ሳምንት ሦስቴ ውሃውን ብትቀይሪ ሦስቴም ተመልሶ አረንጓዴ ሆነብሽ። «አባዬ፣ እንግዶች ሳይመጡ ልጥለው ነው» ያልሽው ቃል ከልቤ አልወጣ አለኝ። ዕድሜዬን በዓሣ ኩሬ ዳር ጨርሻለሁና የማውቀውን ሳልነግርሽ ብቀር ደግ አይሆንም።

ልጄ፣ ከመቆጣትሽ በፊት የተቆጣሽበትን ነገር እወቂው። አረንጓዴው ቆሻሻ አይደለም፤ ሕይወት አለው። በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ተብሎ የተማራችሁት፣ እናንተ አልጌ የምትሉት ነው። እያንዳንዱ አንድ ሕዋስ ብቻ ስለሆነና ከፀጉር ውፍረት እጅግ ስለሚያንስ በማጣሪያው ስፖንጅ ሾልኮ ያልፋል። እኛ ኩሬ ላይ ፍግ እየጨመርን እናበዛው ነበር፤ ለቆሮሶ ዓሣ ቀለቡ ነው። ክንዴን ቀጥ አድርጌ እነክራለሁ፤ ውሃው ክርኔ ጋ ሲደርስ መዳፌ ከተሰወረ ልኩ ነው፤ ገና ክርኔ ጋ ሳይደርስ ከተሰወረ ግን በዝቷልና ፍጉን እናቆማለን። በኩሬ በረከት የሆነው በመስታወት ውስጥ ጭንቅ ሆነ። ብዙ ነገር እንዲህ ነው፤ ክፉ ከማለትሽ በፊት ቦታውን ተመልከቺ።

«ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ» ሲሉ ሰምተሻል። አንቺም ውሃ ስትወቅጪ ሰነበትሽ። ውሃውን ስትቀይሪ የቀረችው ጥቂት አልጌ ብርሃንና ምግብ ካገኘች በቀናት ውስጥ ዳግም ትሞላዋለች። አኳሪየሙ መስኮት ሥር እንደተቀመጠ፣ መብራቱም ሕፃኑ እስኪተኛ እንደሚበራ ነግረሽኛል። እንግዲህ ከመስኮቱ አርቂው፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው። መብራቱ በቀን ለስድስት ቢበዛ ለስምንት ሰዓት ያህል ቢበራ ይበቃዋል። ሰው ይረሳልና የመብራቱን መሰኪያ ሰዓት ቆጣሪ ላይ ሰኪው።

ሁለተኛው ምክንያት ፍቅር ነው። የልጅ ልጄ ዓሦቹን ስለሚወድ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ያበላቸዋል፤ እኛም ያሳደግንሽ «በሞቴ» እያልን ነውና አልፈርድበትም። ነገር ግን ጉርሻ ሲበዛ ያንቃል። ያልተበላው ምግብ ታች ወርዶ ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል፤ አልጌውም በዚያ ይፋፋል። በቀን አንዴ፣ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይስጣቸው። እጅን መሰብሰብም ፍቅር መሆኑን ከአሁኑ ይማር። ይህን ዘግይቼ የተማርኩት እኔ ነኝ።

የማጣሪያውን ስፖንጅም በቧንቧ ውሃ አጥበሽዋል። ንጽሕና የለመደ እጅ ያደረገው ነው፤ ነገር ግን አሞኒያውን የሚበሉት ደጋግ ባክቴሪያዎች ቤታቸው ስፖንጁ ነው፤ በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎር ደግሞ ይገድላቸዋል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ እስኪበዙ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ከእንግዲህ ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ብቻ እጠቢው። እኛ እዚህ ክሎሩ እንዲበንን ውሃውን በባልዲ እናሳድር ነበር። አንቺ ያለሽባት የዋሽንግተን ዲሲ የቧንቧ ውሃ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ክሎራሚን አለበት፤ እሱ ደግሞ በማደር አይለቅም። ከዓሣ ዕቃ መሸጫ ማርከሻውን ገዝተሽ ጨምሪበት። የአባት ምክርም እንደ አገሩ ውሃ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልለፍ። የውሃውን እኩሌታ ቀይሪ፤ መብራቱን አጥፊ፤ አኳሪየሙን ብርሃን በማያሳልፍ ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ሦስት ወይም አራት ቀን ተዪው። የአየር ፓምፑ ሌት ተቀን ይሥራ፤ በጨለማ ተክሉም አልጌውም ኦክስጅን ይወስዳሉ እንጂ አይሰጡም። ጤነኛ ዓሦች እነዚህን ቀናት ሳይበሉ ይችላሉ፤ ሥር የያዘ ተክልም ይታገሣል። ገለጥ አድርጎ ማየት ግን የለም! ካበቃ በኋላ የሞተው አልጌ አሞኒያ ስለሚሆን እንደገና እኩሌታውን ቀይሪ። ከዚያ ቶሎ የሚያድግ ተክል ጨምሪ፤ ሰብሉ የጠነከረበት ማሳ ለአረም ቦታ የለውም።

ባልሽ በአልትራቫዮሌት ብርሃን አልጌ የሚገድል ዕቃ ልግዛ ማለቱ ስህተት የለውም፤ በቀናት ውስጥ ያጠራዋል። ግን መስኮቱና የምግቡ ጣሳ እንደነበሩ ከቀሩ፣ ዕቃው የተነሣ ዕለት አረንጓዴውም ይመለሳል። መርዝ ጠብታ ግን እለምንሻለሁ፣ አትሞክሪ። በወጣትነቴ «እንግዳ ይመጣል» ሲባል አንዱ ኩሬ አልጌው እጅግ በዝቶበት ነበርና አፈርኩበት፤ ማንንም ሳልጠይቅ መድኃኒት ጨመርኩበት። አልጌው ባንዴ ሞተ፤ ሲበሰብስም የውሃውን ኦክስጅን ጨረሰው። ሊነጋጋ ሲል ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው አየር ሲሹ ደረስኩ። ብዙዎቹን አላተረፍኩም። እንግዶቹ የጠራ ውሃ አይተው አመሰገኑኝ፤ ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ እንግዶችሽ ብርድ ልብስ የለበሰ አኳሪየም ቢያዩ አትፈሪ። «ምንድን ነው?» ካሉ ልጅሽ ራሱ ይንገራቸው። በቤታችን ለማይናገር ፍጡር መጠንቀቅ ከአያቶችሽ ጀምሮ የነበረ ነው፤ አያቴ በሬዎቹ ሳይጠጡ ውሃ አይቀምስም ነበር። የቤተሰባችን ክብር እዚያ ነው ያለው።

በአራተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ልጁ በገዛ እጁ ይግለጠው። ጥቂት አረንጓዴ ቀርቶ ቢያገኘው «ትንሽ እንጠብቅ» በዪው፤ ድምፅሽም አይክፋ፤ እሱ የሚማረው ከድምፅሽ ነው። ከዚያ ደውሉልኝ፤ ስንት ዓሣ እንደቆጠረ ከራሱ አንደበት መስማት እፈልጋለሁ።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርክ።

አባትሽ