የማክሰኝት ዋልካና እንጆሪ

ዋልካ አፈር ክረምት ላይ እግር ይይዛል፤ በጋ ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በማክሰኝት ዙሪያ ያለው ሜዳ አብዛኛው እንዲህ ነው። ለሽንብራ ይመቻል፤ ዝናቡ ሲያበቃ ተዘርቶ በተረፈው እርጥበት ያፈራል። እንጆሪ ግን ሥሩ ውኃ ላይ ካደረ ይበሰብሳል።

ስለዚህ በጓሮው ትልልቅ እንጆሪ ለማየት የሚጓጓ ሰው ማዳበሪያ ከመግዛቱ በፊት ለክረምቱ ውኃ መውጫ ያብጅለት። መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይቀላቅል። ቅጠሉ የሚፈልቅበት የችግኙ እምብርት ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ወደ ላይ ከወጣ ሥሩ ይደርቃል። ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ፍሬው ይለሰልሳል፣ ሻጋታም ይፈጥንበታል።

የፍሬውን መጠን በዋናነት የሚወስኑት ግን ላዩ ላይ ተሰክተው የሚታዩት ጥቃቅን ዘሮች ናቸው። ቀዩ ሥጋ የሚያብጠው እያንዳንዱ ዘር የእድገት ሆርሞን ሲልክለት ነው። ዣን ኒች የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1950 አሳይቷል፤ ዘሮቹን ከለጋው ፍሬ ላይ ሲለቅማቸው እድገቱ ቆመ፣ ጥቂቶቹን ሲተው ፍሬው እነሱ ባሉበት በኩል ብቻ አበጠ። አንድ ጎኑ ጨንግፎ የሚቀር እንጆሪም ብዙ ጊዜ ንብ በወጉ ያልዳሰሰው፣ ዘሩም በዚያ በኩል ያልዳበረ አበባ ውጤት ነው።

አደይ አበባውና ኑጉ ሲፈካ ንቡ በየጓሮው ይዞራል። የጎረቤት ቀፎ ለእንጆሪ ተካይ ትልቅ ሀብት ነው፤ አበባ ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው የጎረቤቱን ማርም የራሱን ፍሬም ይጎዳል።

ቦታው ራሱም ያግዛል። በአውሮፓ ብዙው የእንጆሪ ዝርያ አበባውን የሚያዘጋጀው ቀኑ ሲያጥር ነው። በማክሰኝት ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም፤ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ስለሚጠጋ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ውኃ ካልተቋረጠበት ተክሉ ለብዙ ወራት ሊያብብ ይችላል።

ከእናቲቱ ተክል እየወጡ መሬት የሚሳቡትን ሐረጎች መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ጉልበቷን ይጋራሉ። ለአዲስ ችግኝ የሚሆኑ ጥቂቶችን ከምርጧ እናት ማስቀረት ይበቃል። ከፍሬው ሥር ገለባ ቢነጠፍ ከጭቃ ይጠብቀዋል፤ የጤፍ ጭድ ለከብቱ ይቆይ፣ ሻካራው ሣር ያገለግላል።

እንጆሪ ከተቀጠፈ በኋላ ቢቀላ እንጂ ጣፋጭነቱ አይጨምርም። ሩቅ ገበያ የሚሄደው እንዳይፈርስ ቀድሞ ይለቀማል፤ የጓሮው ግን እስከ አንገቱ እስኪቀላ ተክሉ ላይ ቆይቶ፣ ጠዋት በብርዱ፣ ከነእንጨቱ ሊቀጠፍ ይችላል።